የጋሽ ደምሴን ምሳ ያልበሉ ጆሮዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ካለችው ሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሞባይል ዕቃ መሸጫ የከፈተ ያገሬ ልጅ ነው። በሩ ላይ ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር ገትሮ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጮኸው ስለዋለ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ ቀንስልኝ፤ ከደንበኛ ጋር መነጋገር አቃተኝ" ልለው ሄጄ ነበር። እሱ እቴ! ስልኩ ላይ የጫነውን የድምፅ መለኪያ ከፈተና ወዲያ ወዲህ የምትል መርፌ እያሳየኝ፣ "እዪው እንጂ፣ አረንጓዴው ውስጥ ነው። ድምፁ ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ አንቺ መስሎሽ ነው" አለኝ።

አንቺታውን ይቅር ልበለው። "መስሎሽ ነው" የምትለዋ ግን ደሜን አፈላችው። ምን እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፈውም፤ ስፒከሩ ግን ከበሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዙሯል። ወደ ሱቄ ከተመለስኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ያቺን ቃል በዚሁ ከተማ ለሌላ ሰው ስትባል ሰምቻታለሁና።

ነገሩ የሆነው የደቡብ ሱዳን ነፃነት ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ጫማ ስጨርስ ከርሜ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ጋሽ ደምሴ "ላካት፣ እኔ ዘንድ ትሥራ" ብለው ጁባ አስመጡኝ። ሃይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሆቴል ነበራቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህንን ማንም አይክዳቸውም፣ እኔም አልክድም። ወባ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሾርባውን በገዛ እጃቸው አምጥተው፣ "ካልጨረስሽው አልነሳም" ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ጁባ ውስጥ በሆቴላቸው ያልበላ ሐበሻ አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሥራ ያጣ እዚያ ይበላል። ቪዛው የተበላሸበት እዚያ ይበላል። ሰው ሞቶ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚሰበሰበው ሽማግሌም እዚያው ይበላል። ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

የኔ ሥራ ጄኔሬተሮቹንና የአዳራሹን የድምፅ መሣሪያ መቆጣጠር ነበር። ከተማዋ ያኔ የምትኖረው በጄኔሬተር ነው፤ አሁንስ ቢሆን መቼ ተላቀቀች! ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ በየግቢው የሚያጓራውን እያዳመጥኩ፣ ይሄኛው ዘይት ይፈልጋል፣ ያኛው ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ጓደኞቼ ሰው በአረማመዱ ሲለዩ እኔ ግቢውን በጄኔሬተሩ እለይ ነበር።

የካቲት ነው። ዝናቡ ገና ነው፤ ቀዩ አቧራ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ባለፈ ቁጥር ተነስቶ ጥርስ መሃል ይገባል። ማንጎው ዛፉ ላይ ገና ጥሬ ነው፤ ልጆች ግን መቼ ይጠብቃሉ፣ እያወረዱ በጨውና በበርበሬ ይበሉታል። ሙቀቱ ቆርቆሮ ያቀልጣል። የሆቴሉ እንግዶች ቀኑን ሙሉ ኤሲ ካልተከፈተልን አሉ። አሮጌው ጄኔሬተር ይህንን ሁሉ አልችል ስላለ ጋሽ ደምሴ አዲስ አስመጡ። በብረት ሳጥን የተሸፈነ፣ ሻጩ "ድምፅ የለሽ" እያለ የሚያቆላምጠው፣ ሚኒባስ የሚያክል ነገር ነው። ከእንግዶቹ መኝታ ይራቅ ብለው የኋላው አጥር ሥር አስተከሉት።

ከአጥሩ በዚያ በኩል የኛማል ትምህርት ቤት ነበር።

ትምህርት ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መዝጊያ የሌለው። ኛማል ኑዌር ናት፣ ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው፤ በልጅነቷ በስደት ሄዳ። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ስትናደድ ደግሞ ኑዌርኛውን፣ አማርኛውንና የጁባ አረብኛውን አንድ ላይ ታወርደዋለች። አገሬ ነፃ ወጣ ብላ ተመልሳ፣ እንደሷ ከየስደቱ የተመለሱ ቤተሰቦችን ትንንሽ ልጆች ሰብስባ ፊደልና ቁጥር ታስተምር ነበር። ጓደኝነታችን የጀመረው በሆድ በኩል ነው። እሷ ከወንዙ ዳር ከረጃፍ የመጣ ትኩስ ዓሣ ስታገኝ ትጠራኛለች፤ እኔ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ፍርፍር በሳህን ሸፍኜ በኋላው በር አሻግርላታለሁ።

አዲሱ ጄኔሬተር ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ድምጿ ሻከረ። ቀጥሎም ጭራሽ ጠፋ። አንድ ቀን ከሻይ ሻጯ ዘንድ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ እየጠጣች፣ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

"ልጆቹ እኮ አይሰሙኝም፣ ሰብሊ። አፌን እያዩ ነው የሚደግሙት። ወደ ሰሌዳው ስዞር ሁሉም ዝም ይላሉ።"

ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስወጥተውባት ነበር፤ ሌሎቹም እያመነቱ ነው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ኪራዩን የምትከፍልበት የላትም። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ ጁባ ውስጥ የምትኖርበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

"ደግሞ ልሰደድ? ከገዛ አገሬ? ኻላስ፣ እንግዲህ እዚህ ነው የምሞተው" አለች፣ በዚያች በጠፋች ድምጿ።

"ጋሼን አናግሪያቸው" አልኳት፤ ሄዳ አናገረቻቸው። ጋሽ ደምሴ በአክብሮት ሰሟት። በማግስቱም ጄኔሬተሩን የሸጠላቸውን ድርጅት ቴክኒሻን አስመጡ። ሰውየው የድምፅ መለኪያውን በኛማል ክፍል መሃል አቁሞ ጥቂት ጠበቀና አነበበ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩታል።

"ከአሮጌውም ያነሰ ነው። ከተፈቀደው ልክ በታች ነው" አለ።

"አንተ ራስህ እየሰማኸው አይደል እንዴ?" አለችው ኛማል።

"ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፣ ቲቸር። ትልቅ መስሎሽ ነው።"

ይኸውላችሁ ቃሏ። ጋሽ ደምሴ ወደኔ ዞር ብለው፣ "በቃ፤ ማሽን አይዋሽም፣ አይደል ኢንጂነር?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማሽኑ አልዋሸም። የተጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

እስቲ ትንሽ ታገሱኝ፣ ላስረዳ። ያ መለኪያ የሚለካው አየሩ ምን ያህል እንደተገፋ ነው። ጆሮ ግን እንደዚያ አይሠራም። ወፍራም ድምፅና ቀጭን ድምፅ እኩል ተገፍተው ቢመጡ እኩል አይሰሙም፤ ወፍራሙ ያንሳል። የመለኪያው ሠሪዎች ይህንን ስለሚያውቁ ወፍራሙን ቀነስ አድርጎ እንዲቆጥር አድርገውታል። ድምፁ ቀስ ያለ ሲሆን ቅናሹ ልክ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሲበረታ ግን ጆሮ ቅናሹን እየተወው ይሄዳል፤ ማሽኑ መቀነሱን አይተውም። የኛ ጄኔሬተር ደግሞ ከወፍራምም ወፍራም ነበር። ጩኸቱን ሳጥኑ ያፍነዋል፤ የሚወጣው ሆድ ዕቃ ድረስ የሚገባ እምምታ ነው፣ ግድግዳውን አልፎ ቆርቆሮውን ያርገበግበዋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ የራሱን ቀጭን ድምፅ ይጨምርበታል። እንዲህ ከወፍራም እስከ ቀጭን የተበተነ ድምፅና አንድ ቦታ የተሰበሰበ ድምፅ በማሽኑ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ለጆሮ ግን የተበተነው ይበልጣል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚህ ጉዳይ ተምሬ ነበር። በዓለም ደረጃ የተስማሙበት ስሌት አለ፤ የአየሩን ግፊት ሳይሆን ለሰው ጆሮ የሚሰማውን ትልቅነት የሚያሰላ። መስፈሪያው ሶን ይባላል። አንድ ሶን የነበረው ድምፅ እጥፍ ሆኖ ከተሰማ ሁለት ሶን ነው፤ በቃ፣ እንደ ሽንኩርት ኪሎ ነው። ስሌቱ ከየት መጣ ብትሉ ከሰው ነው። ሰዎችን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ አንድ የታወቀ ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር እያፈራረቁ አሰሟቸውና "እኩል ሲሆኑ ንገሩን" አሏቸው። ከብዙ ሰው መልስ መስመር ሠሩ፣ ከመስመሩ ሕግ አወጡ።

ይህ ትዝ ሲለኝ፣ ታዲያ እኛስ ለምን ሰው አንጠይቅም አልኩ። እኛ እንኳን ሽማግሌ መሰብሰብ እናውቅበታለን!

ጋሽ ደምሴ ሐሳቡን ወደዱት። ኛማልም "የሐበሻ ሽማግሌ መቼ አጣሁት፣ እዚያ አይደል ያደግኩት" ብላ ተስማማች። የተጠሩት አባባ ክፍሌ ነበሩ፤ ከሁላችንም ቀድመው ጁባ የገቡ፣ ጎማ ነጋዴ፣ ሐበሻው ሁሉ የሚፈራቸው። ስኳርና ዘይት በጅምላ የሚሸጡት ወሎዬው ሐጂ ሰይድም መጡ። ሌሎች ሁለትም ነበሩ፤ እነሱ ከአባባ ክፍሌ አፍ ላይ ቃል ከመልቀም ሌላ ምንም ስላላደረጉ በስማቸው አላደክማችሁም። እኔ ከአዳራሹ ስፒከርና ማጫወቻ አምጥቼ ክፍሉ ውስጥ አዘጋጀሁ። አንድ ወጥ የሆነ "ፒ" የሚል ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደርጋለሁ፤ ከጄኔሬተሩ ጋር እኩል ሲሆን ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

ጋሽ ደምሴ ግን፣ "በባዶ ሆድ ሽምግልና አለ እንዴ!" አሉ።

ሁዳዴ ሊገባ ነውና ቅበላ ነበር። ጥብሱ በሸክላ እየተንጣጣ መጣ፣ ክትፎው ከጎመንና ከአይብ ጋር መጣ፣ የአባይ ዓሣ ተጠብሶ ከነራሱ መጣ። ለሐጂ ሰይድ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ተገዝቶ በተለየ መጥበሻ የተሠራ ጥብስ ቀረበ፤ ጋሽ ደምሴ እንዲህ ያለውን ነገር መቼም አይረሱም። "አፈር ስሆን" እየተባለ ጉርሻ ዞረ። እኔም በላሁ፣ ኛማልም በላች።

ከዚያ ክፍሉ ገባን። ሽማግሌዎቹ የሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተደረደሩ። ጄኔሬተሩ እምምም ይላል፣ ቆርቆሮው ይንጠረጠራል። "ፒ"ዋን ከፈትኳት። ገና አጠገቧ ለቆምኩት ለኔ እንኳን በወጉ ሳትሰማኝ፣ አባባ ክፍሌ ስንጥራቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ "በቃ፣ እዚህ ላይ እኩል ነው" አሉ።

"አባባ፣ ገና ነው እኮ፤ አሁን መጀመሬ ነው!"

"እኩል ነው አልኩሽ፣ ልጄ።"

ሌሎቹ ሁለት ሰዎች "እኩል ነው"፣ "ልክ ነው" ተባባሉ። ሐጂ ሰይድ ጺማቸውን ዳበስ አድርገው ወደ መሬት እያዩ፣ "የኔም እንደ አባባ ነው" አሉ። ይህንን ሁሉ የሚባባሉት ደግሞ እየጮኹ ነው! ካልጮኹ አይደማመጡማ!

ውሸታሞች ናቸው አልልም። ሰው ቤት በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቅባቱ ከጣቱ ሳይለቅ "ጄኔሬተርህ ያደነቁራል" የሚል ሐበሻ ከየት ይመጣል? ይሉኝታ ያዛቸው። ትልቁ ሰው አንዴ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ማን ይከራከራቸዋል? ፍርዱም በዚያው ተሰጠ። ጄኔሬተሩ ባለበት ይቆያል፤ ኛማል እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ክፍል ትፈልጋለች፤ ማኅበረሰቡ ዕቃዋን በማጓጓዝ ይረዳታል። ወሩ ደግሞ ሊያልቅ ነበር። ስንወጣ ኛማል ትከሻዬን ይዛ "ማሌሽ፣ ማሌሽ" አለችኝ። የምትባረረው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን! እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

በማግስቱ አዳራሹን ለማስተካከል የምጠቀምባትን ማይክሮፎንና ላፕቶፕ ይዤ ክፍሉ ገባሁ። መሣሪያዋ ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በየፈርጁ ከፋፍላ ታሳያለች፤ ስሌቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኛማል ማይክሮፎኑን ይዛ ቆመች፣ ልጆቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ፣ እኔ መዘገብኩ። ለማወዳደር አሮጌውንም አስነስቼ ለካሁ። ከዚያ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁትን የስሌቱን ሰንጠረዥ ዘርግቼ በእርሳስ መሳል ጀመርኩ። እያንዳንዱ ፈርጅ አንድ ደረጃ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ ከበላዩ ያለውን ቀጭን ስለሚጋርድ፣ ደረጃው ወደ ቀጭኑ በኩል ቀጥ ብሎ አይወድቅም፤ እንደ ጣራ ክዳን እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ሲሰፈር ትልቅነቱ ይገኛል።

ሥዬ ጨረስኩና አየሁት። የጄኔሬተሩ ደረጃ ተንሸራቶ ያረፈው ልክ የሰው ንግግር ያለበት ቦታ ላይ ነው። የኛማል ድምፅ ከዚያ ክዳን ሥር ነበር። ስፋቱን ስሰፍረው ደግሞ ማሽኑ "ያነሰ ነው" ያለው አዲሱ ጄኔሬተር ከአሮጌው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። ለኛማል ሳሳያት ወረቀቱን ብዙም አላየችው። "እኔማ መች አጣሁት" አለች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ሆቴሉ እንደሚሰበሰቡ አውቃለሁ። ሐጂ ሰይድም ለወሬ ይመጣሉ። ሄጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ሳህኖቹ መሃል ዘረጋሁት። ማንም አልጠራኝም። በእርሳሴ ጫፍ እየነካሁ አስረዳሁ።

አባባ ክፍሌ ወረቀቱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። "እኛ በጆሯችን ሰምተን ፈርደናል። ወረቀት ከሰው በልጦ ነው?"

"አባባ፣ ይሄም የሰው ጆሮ ነው። እነዚህን መስመሮች የሠሩት ሰው ጠይቀው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእነዚያ ሰዎች ጆሮ የጋሽ ደምሴን ምሳ አልበላም።"

ወይ ጉድ! ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው እጅ ሁሉ እንጀራው ላይ ቀረ። ሐጂ ሰይድ "አስተግፊሩላህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ጋሽ ደምሴ ብድግ አሉ።

"ወጪት ሰባሪ! እኔ እንዲህ ልትሰድቢኝ ነው ያመጣሁሽ? ለአባትሽ ምን ብዬ ልንገረው?"

"ልጅህ ጆሮ አላት ይበሉት" አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ግን ከወጣ ወዲያ አልመልሰውም። "እንደገና ይሰማ" አልኩ። "ያለ ምሳ። አንድ በአንድ፣ አንዱ ሌላው ያለውን ሳይሰማ። ከዚያ ኛማል ትነሳ ካላችሁ ዕቃዋን እኔ ራሴ እሸከማለሁ።"

"አይደረግም! ፍርድ ተሰጥቷል!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ቆይ እስቲ ደምሴ" አሉ ሐጂ ሰይድ። "ምን ቸገረን? ነገ ሰኞ ነው፤ እኔ የሰኞ ጾመኛ ነኝ። ማንም ቢለምነኝ የማልበላበት ቀን ነው። እሄዳለሁ።" ወደ አባባ ክፍሌም ዞረው፣ "ለእናንተስ ነገ ሁዳዴ አይገባም እንዴ?" አሉ።

አባባ ክፍሌ ጢማቸውን ጎተት ጎተት አድርገው በመጨረሻ፣ "ይገባል" አሉ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጡት ሐጂ ናቸው። ፊቴን አይተው እንዳይገምቱ ከኋላቸው ቆምኩ። ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ እሳቸው "ገና" ይላሉ። ከፍ አደርጋለሁ፣ "ገና" ይላሉ። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው መንጫጫት ሲጀምሩ ነው "እዚህ ላይ" ያሉት። የደረሰበትን ቦታ መቆጣጠሪያው ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግኩ። ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ጥቂት ተቀመጡና፣ "እነዚህ ልጆች እዚህ ውስጥ ነው የሚውሉት?" ብለው ሄዱ።

አባባ ክፍሌ በከዘራቸው እያዘገሙ መጡ። የሐጂን ምልክት እንዳያዩት በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ከመጀመራችን በፊት፣ "እስቲ መጀመሪያ አስተምሪ" አሏት ኛማልን። እሷም እንደልማዷ ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች ተናገረች።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"አልሰማኋትም፣ አባባ።"

ልጆቹን አዩዋቸው። ሁሉም ጀርባዋን እያዩ ዝም ብለዋል፣ እስክትዞር እየጠበቁ። አባባ ክፍሌ ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አስደረጉኝ፤ ሐጂ ካቆሙበትም ትንሽ አለፉ። ጨርቁን ስገልጠው ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ነበሩ፤ እርሳሴ ያወጣው ስሌትም ከእነሱ ብዙ አልራቀም።

"ባለፈው የሰማው ሆዴ ነው" አሉ አባባ፣ ሲነሱ። ሌሎቹ ሁለቱም እንደልማዳቸው የአባባን ቃል ለቀሙ።

ሳምንት ሳይሞላ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ወደ ፊት ለፊቱ በር፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ሄደ፤ ዙሪያውን ብሎኬት ተሠራለት። የወጡት ልጆች ተመለሱ። የኛማል ድምፅ ግን ቶሎ አልዳነም፤ ትንሽ እንደሻከረ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የኛ ወግ ገና አልጨረሰም። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ጋሽ ደምሴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸውን ዘርጋ አድርገው።

"ነገሩ ልክ ነሽ፤ አነጋገርሽ ግን ልክ አይደለም" አሉኝ አባባ ክፍሌ። "አባትሽ ናቸው። ጉልበታቸውን ሳሚና ይቅርታ በያቸው፤ በዚሁ ያልቃል።"

"ልክ ከሆንኩ ይቅርታው ለምኑ ነው?"

"ለወጉ ነው፣ ልጄ" አሉ ሐጂ ሰይድ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ሾርባውን ይዘው አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው፤ እወዳቸው ነበር። ጎንበስ ብል ሥራዬ፣ መኝታዬ፣ የአባቴ ወዳጅነት ሁሉ በቦታው ይቆያል። ቁልቁል ጉልበታቸውን ስመለከት ግን የታየችኝ ኛማል ናት። ዛሬ ይቅርታ ብል ነገ "ልጅቷም ይቅርታ ጠይቃለች፣ ሴትዮዋ መስሏት ነበር" ይባላል። አውቀዋለሁ፤ ያገሬ ሰው ነገር እንዴት እንደሚገለብጥ መች ይጠፋኛል!

"ስላበሉኝ፣ ስላስታመሙኝ ጉልበትዎን ልሳም፣ ጋሼ" አልኩ። "ስለ ጄኔሬተሩ ግን ይቅርታ አልልም።"

"እንግዲያው ሻንጣሽን አዘጋጂ" አሉ።

አዘጋጀሁ። ማታውን የኛማል ቤት ነው ያደርኩት፤ እሷ ፉል በሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ሠርታ አበላችኝ፣ በሦስቱም ቋንቋ እየተሳደበች። አባቴ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በስልክ ከሰላምታ በላይ አላናገረኝም። ጄኔሬተር በየቤቱ እየዞርኩ በመጠገን ጀመርኩ፤ ማላኪያ ያለችው ሱቅ ከዚያ የመጣች ናት። ኛማል አሁን ብዙ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አላት፤ በመሃል ጦርነት መጣ፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ከፈተች። ሌላ ጊዜ ራሷ ትንገራችሁ።

ሰዎች አንዳንዴ "ይሉኝታ የለሽም" ይሉኛል። አለኝ። ያበላኝ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከማንም ቀድሜ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ግን ምስጋናዬን በእጄና በእግሬ እከፍላለሁ እንጂ በጆሮዬ አልከፍልም። አንድ ሰው የሚሰማውን ሰማሁ ሲል "መስሎህ ነው" የሚል ሁሉ፣ መርፌ ይያዝ፣ ስልክ ይያዝ፣ ከዘራ ይያዝ፣ ከኔ ጋር ይጣላል።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአባባ ክፍሌ የልጅ ልጅ ሠርግ በጋሽ ደምሴ ሆቴል ነበር። ተጠራሁ፣ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ አርጅተዋል። ከሩቅ አዩኝና በእጃቸው ጠቀሱኝ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አንቺ" አሉኝ፣ "እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሽኝም።"

"አልጠየቅኩም፣ ጋሼ።"

እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰድደው ጥብሱን ከእንጀራው ጋር ጠቅለል አድርገው፣ ትልቅ ጉርሻ አፌ ድረስ አመጡልኝ። ጎረስኩ።

"ይጥማል?"

"በጣም።"

በጭንቅላታቸው ወደ አዳራሹ ስፒከር ጠቆሙኝ። "ድምፁስ?"

አፌ እንደሞላ፣ "ያደነቁራል፣ ጋሼ!" አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ።